አርሶ የሚያድረው ማን ነው?

አንድ ቋንቋ ስለ አንድ ነገር ብዙ ቃላት ካሉት፣ ያ ነገር የቋንቋውን ባለቤቶች እጅግ ያሳሰባቸውና ያከራከራቸው እንደ ነበረ ይታወቃል። መሬት የሚያርስ ሰው በአማርኛ ስንት ስም አለው? ገበሬ ይባላል፤ አራሽ ይባላል፤ ባላገር ይባላል፤ ገባርና ጭሰኛ ይባል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ሁሉ ላይ አርሶ አደር ይባላል። እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራን «ፋርመር» ማለት ምን ማለት ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ ከእነዚህ ስሞች አንዱን መዘው በሰሌዳው ላይ ይጽፉና ያልፋሉ። ተማሪውም ስሞቹን ሁሉ እንደ አንድ ቈጥሮ ያድጋል፤ አድጎም ሹም ወይም ጸሐፊ ሲሆን እንደ አንድ ቈጥሮ ይጽፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስሞቹ አንድ አለመሆናቸውን ማስረዳት ብቻ አይደለም። ሁሉንም በአንድ ስም ጠቅልሎ መጻፍ በሰው ኑሮ ላይ ጉዳት እንደሚያስከትል፣ ለዚህም የአርሲ ደጋ በቂ ምስክር እንደ ሆነ ለመከራከር ነው።

ከግንዱ እንጀምር። በግእዝ ገብረ ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ግብር ሥራ ነው፤ ግብርና የሚለው ስም የበቀለውም ከዚሁ ነው። በቅዳሴ ጊዜ ገባሬ ሠናይ የሚባለው ዲያቆን ስሙ ሲተረጎም በጎ አድራጊ ይሆናል። የሰዋስው መምህራን አድራጊውን ግሥ ገቢር፣ ተደራጊውን ተገብሮ የሚሉት ከዚሁ ሥር ቀድተው ነው። እንግዲህ ገበሬ በአመጣጡ ሠሪ፣ አድራጊ ማለት ነው። በአሰላ የተወለደው ስመ ጥሩው ሯጭ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የገበሬ ልጅ መሆኑን ሁሉ ያውቃል፤ የአባቱ ስምና የአባቱ ሥራ ከአንድ ግንድ የተቈረጡ መሆናቸውን ግን ያስተዋለ ጥቂት ነው።

ይኸው ግንድ ግን በአማርኛ ሁለተኛ ቅርንጫፍ አወጣ። ገበረ ማለት ለገዥ ከፈለ ማለት ሆነ፤ ከፋዩም ገባር ተባለ። ገበሬ የሥራው ስም ሲሆን ገባር የዕዳው ስም ነው። አንድ ሰው በዝናብ ወራት በእርሻው ላይ ገበሬ ሆኖ ሲውል፣ በመከር ጊዜ በጌታው ደጅ ገባር ሆኖ ይቆማል። ሰውየው ያው ነው፤ ሁለቱ ስሞች ግን ስለ እርሱ የሚናገሩት የተለያየ ነገር ነው።

አራሽ ከሁለቱም ይለያል። ገበሬ ቢታመምም፣ ቢያረጅም፣ በሬው ቢሞትበትም ገበሬ ነው፤ አራሽ ግን በዚህ ዓመት፣ በዚህ ማሳ ላይ እርፍ የጨበጠው ሰው ነው። ቃሉ ስለ መሬቱ ባለቤት አንዳች ነገር አይናገርም። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ፓርላማ ደጅ ሰልፍ ሲወጡ «መሬት ላራሹ» ብለው የጮኹት ስለዚህ ነው። «መሬት ለባላገሩ» ቢሉ ኖሮ በከተማ ተቀምጦ ሲሶና እኩሌታ የሚቀበለው ባለመሬት ሁሉ «እኔም ባላገር ነኝ» ለማለት ይችል ነበር። «ለገበሬው» ቢሉም ክርክሩ በቀላሉ አይቋረጥም ነበር። አራሽ በሚለው ቃል ግን ማንም ሊደበቅ አይችልም፤ እጁን አሳይቶ መመስከር አለበትና።

ባላገር ማለት ባለ አገር፣ የአገሩ ባለቤት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን የክብር ስም የከተማ ሰው ለስድብ ማዋሉ የሚያስገርም ነው። ጭሰኛ ደግሞ ከጢስ የመጣ ነው፤ በሌላ ሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ እሳት አንድዶ ጢስ የሚያጤስ ማለት ነው። ይህ ስም ስለ ሥራ አይናገርም፤ የሚናገረው ጢሱ ከማን መሬት ላይ እንደሚወጣ ነው። ባለመሬቱ በቃኝ ባለ ቀን ምድጃው ይጠፋል። አንድን የሕግና የኑሮ ሁኔታ ከዚህ ይበልጥ አሳጥሮ የሚገልጽ ቃል በብዙ ቋንቋ ተፈልጎ አይገኝም።

አርሶ አደርስ? ሁለት ግሦች የተጋቡበት ስም ነው። አደረ ማለት ሌሊቱን አሳለፈ፣ ኖረ ማለት ነው፤ «ለጌታ አደረ» ሲባል ደግሞ አገለገለ ማለት ነው። ዘመዶቹም ብዙ ናቸው፤ አርብቶ አደር አለ፣ ሠርቶ አደር አለ፣ ወዛደር አለ፣ ወታደርም ወጥቶ አደር ከማለት የመጣ ነው ይባላል። ስለዚህ አርሶ አደር ማለት በእርሻው ሌሊቱን የሚሻገር፣ በማረሱ ብቻ ነፍሱን የሚያቆይ ማለት ነው። መልካም ቃል ነው፤ ውሸትም የለበትም። ነገር ግን ገበሬ የሚለውን ስም አዋረደ ብለው ስለ ክብር የቀየሩት ሰዎች፣ ሠሪ ከሚል ስም ወደ ነገ አዳሪ ስም እንደ ወረዱ ልብ ያሉት አይመስልም። ምርቱን ወደ ገበያ እንዲያወጣ፣ ትርፍ እንዲያተርፍ፣ ለፋብሪካ እንዲያቀርብ በየቀኑ የሚመከርን ሰው፣ ከዕለት ጉርስ የማያልፍ ስም ሰጥቶ መጥራት እርስ በርሱ የሚቃረን ነገር ነው።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው እንመለስ። «ፋርመር» የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ፣ ፈረንሳይኛውም ከላቲን የመጣ ሲሆን፣ የጥንት ሥሩ የተቈረጠ ክፍያ ማለት ነው። በመጀመሪያ በቁርጥ ገንዘብ ግብር ለመሰብሰብ የተዋዋለ ሰው በዚህ ስም ይጠራ ነበር፤ ኋላም በቁርጥ ኪራይ መሬት ይዞ የሚያርስ፤ ራሱ ባለመሬት የሆነው ገበሬ በዚህ ስም መጠራት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ በዘር ሐረጉ ከሄድን የእንግሊዙ «ፋርመር» ከገበሬ ይልቅ ለተከራይ ይቀርባል። «ፔዛንት» የሚለው ሌላው ቃል ደግሞ ከፈረንሳይኛው የአገር ስም የወጣ ነው፤ ቃል በቃል ባላገር ማለት ነው፤ እንደ እኛው ባላገርም በከተማ ሰው አፍ ስድብ ሆኗል። ስለዚህ እንግሊዝኛ አንድ ቃል ብቻ ያለው፣ አማርኛም ያንን አንድ ቃል የሚከተል አስመስሎ ማስተማር ሁለቱንም ቋንቋዎች መበደል ነው።

እንግሊዞቹ ቃላቸውን እንዴት እንደሚለዩ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀውን የአገራችንን ሕገ መንግሥት የእንግሊዝኛ ቅጂ የሚመለከት ሰው፣ በአንቀጽ 40 ስለ መሬት ማግኘትና ከመሬት ስላለመነቀል ሲነገር «ፔዛንት» የሚለውን፣ በአንቀጽ 41 ስለ ምርት ተገቢ ዋጋ ሲነገር ደግሞ «ፋርመር» የሚለውን ቃል ያገኛል። የመሬቱ ጉዳይ በአንድ ስም፣ የገበያው ጉዳይ በሌላ ስም ተጽፏል። የትርጉም ሥራ የሚሠራ ሰው ይህን ልዩነት አይቶ እንዳላየ ማለፍ አይገባውም።

ክርክሩን ወደ ምድር ለማውረድ ወደ አርሲ ደጋ እንውጣ። ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ እተያን አልፎ ቁሉምሳን ሲደርስ የጭላሎ ተራራ ከፊቱ ይገጥመዋል። አሰላን አልፎ ወደ ሳጉሬና ወደ በቆጂ ቢቀጥል ግራ ቀኙ የስንዴና የገብስ ማሳ ነው። ይህ አገር በ1870ዎቹ ዓ.ም. ከብርቱ ውጊያ በኋላ በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ ጦር ከተያዘ ወዲህ፣ መሬቱ ለመንግሥት፣ ለጦር ሰዎችና ለባላባት ሲከፋፈል፣ በላዩ ይኖር የነበረው አርሲ ገባር ሆነ። ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ በወጡት የመሬት ግብር ሕጎች የገባርነቱ አሮጌ ግዴታ ሲቀር፣ መሬቱ ግን በባለመሬቶች እጅ ቀረ፤ ትናንት ገባር የተባለውም ሰው በዚያው ማሳ፣ በዚያው በሬ፣ ጭሰኛ ተባለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ በአርሲ ጠቅላይ ግዛት ከሚያርሰው ሰው ወደ ግማሽ የሚጠጋው በሌላው መሬት ላይ የሚያርስ ነበር። የስሙ መለወጥ ብቻውን ማንንም ባለመሬት እንዳላደረገ ከዚህ እንረዳለን።

በ1959 ዓ.ም. መጨረሻና በ1960 ዓ.ም. መግቢያ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አሰላ የሆነ የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ፤ ሕዝቡ በፈረንጅኛ አጠራሩ ካዱ ይለዋል። ሥራው የሚደነቅ ነበር። በቁሉምሳ የስንዴ ዘር ተመረመረ፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ተሰጠ፤ የወተት ላም ተሻሻለ። ዓላማውም አነስተኛውን ገበሬ መርዳት መሆኑ በግልጽ የተነገረ ነበር። ምርቱም አደገ። ነገር ግን ምርቱ ባደገ መጠን የመሬቱ ዋጋ አደገ፤ የመሬቱ ዋጋ ባደገ መጠን ቀድሞ ሲሶና እኩሌታ ተቀብሎ ዝም ይል የነበረው ባለመሬት «እኔው በትራክተር ላርሰው» ማለት ጀመረ። በሜዳማው የጭላሎ ክፍል ትራክተሩ ሲገባ ብዙ ጭሰኛ ከነቤተ ሰቡ ወጣ። ይህንን የዘገቡት የድርጅቱ የራሱ ጥናቶች ናቸው።

«ይህ የቃል ጥፋት ነውን?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አይደለም፤ ጭሰኛውን ያስወጣው ባለመሬቱ እንጂ ቃሉ አይደለም፤ ኃይልም የነበረው በመሬት ሥሪቱ ውስጥ ነው። ነገር ግን ቃሉ ምን እንዳደረገ እንመልከት። ማዳበሪያ ለማከፋፈል «ገበሬ» የሚለው ስም በቂ ነበር፤ ማዳበሪያው ያበቀለውን ስንዴ ማን እንደሚወስደው ለመወሰን ግን በቂ አልነበረም። በአንዱ ስም ሥር ባለመሬቱም ጭሰኛውም ቆመው ነበርና። ጭሰኛው ብድር ለማግኘት ከባለመሬቱ የተዋዋለበትን ወረቀት ማቅረብ ያስፈልገው ስለ ነበር፣ «ለገበሬው የተሰጠ ብድር» ሲባል ለአንዱ በቀጥታ፣ ለሌላው ግን በጌታው ፈቃድ የተሰጠ ብድር ማለት ነበር። በጽሑፍ ላይ ግን ሁለቱም ገበሬ ናቸው። ነገሩ የገባቸው ሰዎች ሌላውን ቃል መጥራት ግድ ሆነባቸው፤ የጭሰኞች ሕግ ይውጣ ተባለ፤ ስዊድኖቹም ይህንኑ ደጋግመው ጠየቁ። የሕጉ ረቂቅ ፓርላማ ቀርቦ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የምርቱ ጉዳይ የተነገረው ገበሬ በሚል ቃል ነው፤ የፍርዱ ጉዳይ ግን ጭሰኛ ሳይባል ሊነገር አልቻለም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ይህንን የቃል ቈጠራ በአንድ ቀን ቈረጠው። የጭሰኛና የባለመሬት ግንኙነት ፈረሰ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚፈቀደው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ በ800 ሄክታር ክልል የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ታዘዘ። ማኅበሩ የገበሬ ማኅበር መባሉ ተገቢ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በሕግ ዐይን ገበሬው አራሹ፣ አራሹም ገበሬው ነውና። ከአብዮቱ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ደግሞ አርሶ አደር የሚለው ስም እየገነነ ሄዶ ሌሎቹን ስሞች ከመዝገብ አስወጣቸው። የሚያርሰው ሁሉ በያዘው መሬት የሚያርስ ቢሆን ኖሮ ይህ አንድ ስም በበቃ ነበር።

ነገር ግን ዘመኑ እንደዚያው አልቆየም። በአዋጅ ቁጥር 456/1997 ባለይዞታው መሬቱን ለማከራየት ተፈቀደለት፤ በ2016 ዓ.ም. ይህንን አዋጅ የተካው ሕግም ኪራዩን አላስቀረም። ልጅ በዝቷል፤ የሚከፋፈል መሬት አልቋል። ሦስት ሰዎችን በሄጦሳ ወረዳ በአንድ አካባቢ ቆመው እናስባቸው። አንደኛዋ ባልቴት ናቸው፤ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በስማቸው አለ፤ በሬና ጉልበት ግን የላቸውም። ሁለተኛው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ደብተር የለውም፤ የባልቴቲቱን መሬት በእኩል ያርሳል፤ ዘሩም ድካሙም የእርሱ ሆኖ ከምርቱ ግማሹን ያገባል። ሦስተኛው በአሰላ ከተማ የሚኖር ነጋዴ ነው፤ የብዙ ሰዎችን ማሳ በኮንትራት ይዞ በትራክተር ያሳርሳል፤ ስንዴው ሲደርስም ኮምባይነር ያስገባል። የሦስቱም ሥራ የተከበረ ነው፤ በማንም ላይ ነቀፋ የለኝም። ነገር ግን የወረዳው ሪፖርት ሲጻፍ «ሦስት አርሶ አደሮች ተጠቃሚ ሆነዋል» ይላል።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ ከሦስቱ አርሶ የሚያድረው ማን ነው? ባልቴቲቱ አላረሱም፤ በመሬታቸው ግን ያድራሉ። ነጋዴው አላረሰም፤ የሚያድረውም አሰላ ነው። ወጣቱ አርሷል፤ በግማሹ ግን እንዴት እንደሚያድር የሚጠይቀው የለም። ብድርና ማዳበሪያ በደብተር የሚሰጥ ቢሆን ወጣቱ ወደ ባልቴቲቱ ደጅ ሄዶ ስማቸውን መዋስ አለበት፤ አያቱ ወደ ባለመሬቱ ደጅ ሄዶ ወረቀት እንደ ለመነው ማለት ነው። ዝናብ ቀርቶ አዝመራው ቢጠፋ ዕርዳታው ለማን ይጻፋል? የስንዴ ዋጋ ቢጨምር ጭማሪው ለማን ደረሰ ይባላል? ሪፖርቱ አይመልስም። ሊመልስም አይችልም፤ በሦስቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚናገሩት ቃላት አስቀድመው ተሰርዘዋልና።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ።

የመጀመሪያው፣ ገበሬና ባላገር ስድብ ሆነዋል፤ አርሶ አደር ግን ንጹሕ ነው የሚል ነው። ስድቡ ያለው በተሳዳቢው አፍ ነው እንጂ በቃሉ ውስጥ አይደለም። የከተማ ሰው አንድን የክብር ስም ባረከሰው ቍጥር ስሙን ጥለንለት ከሸሸን፣ ነገ አርሶ አደርንም ያረክሰዋል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ወዴት እንሸሻለን? ሠሪ የሚል ስም ለሚሠራ ሰው የሚያሳፍረው አይደለም። መታረም ያለበት የተማሪው አነጋገር ነው፤ ይህም የመምህራን ሥራ ነው።

ሁለተኛው፣ ጭሰኛና ገባር የሞቱ ቃላት ናቸው፤ የሞተን ነገር ማንሣት ቍስል መቀስቀስ ነው የሚል ነው። በዛሬው ሕግ ጭሰኛ የሚባል ሰው አለመኖሩ እውነት ነው፤ የዛሬውን የእኩል አራሽ ጭሰኛ ብሎ መጥራትም ስሕተት ይሆናል፤ የመሬቱ ባለይዞታ ጌታው አይደለምና። ነገር ግን ታሪክ ስንጽፍ የሞተውን ሰው በሞተበት ስሙ መጥራት አለብን። «በጭላሎ የነበሩ አርሶ አደሮች ከመሬታቸው ተፈናቀሉ» ተብሎ ለተማሪ ቢነገር፣ በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድም እውነተኛ ነገር አይቀርም። ከመሬታቸው አልተፈናቀሉም፤ የተፈናቀሉት መሬቱ የእነርሱ ስላልነበረ ነው። «ጭሰኞች» ተብሎ ቢጻፍ ተማሪው ምክንያቱን በቃሉ ውስጥ ያገኘው ነበር። ቃሉን ያለዘበ ሰው የታሪኩን ምክንያት ሰረዘ።

ሦስተኛው፣ ለአስተዳደር ሥራ አንድ ስም ይቀላል የሚል ነው። እርግጥ ይቀላል። የፍርድ ቤት ጸሐፊም ከሳሹንም ተከሳሹንም «ባለጉዳይ» ብሎ ቢጽፍ ሥራው ይቀልለት ነበር፤ ሁለቱም ባለጉዳዮች ናቸውና አልዋሸም። ነገር ግን ዳኛው ለማን እንደሚፈርድ አያውቅም። የመዝገብ ቃል የሚመዘነው ለጸሐፊው በመቅለሉ ሳይሆን ለወሳኙ ሹም የሚያስፈልገውን ልዩነት በማሳየቱ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ተገቢ ነው። በአርሲ ደጋ የሚያርሰው ሰው በአብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ በቋንቋውም ቆቴ ቡላ ወይም ቆናን ቡላ ይባላል። ቡላ ማለት አዳሪ ነው፤ ቆቴ ቡላም ልክ እንደ አማርኛው አርሶ አዳሪ ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ አሳብ ላይ መገናኘታቸው ስሙ ከሕዝብ ኑሮ የራቀ አለመሆኑን ያሳያል። ስለዚህ አርሶ አደር ይቅር አልልም። የምለው፣ ስሙ ለሚገባው ሰው ይሰጥ ነው፤ በገዛ ይዞታው፣ በገዛ ጉልበቱ አርሶ፣ ከዚያም ለሚኖር ቤተ ሰብ። ለዚህ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም የለም። ለሁሉ ሲሰጥ ግን ለእርሱም ይጠፋበታል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ ለሹማምንት፣ ለመምህራንና ለተርጓሚዎች አቀርባለሁ። ሙያውን በጠቅላላው ስንጠራ፣ ሐኪም፣ ነጋዴ፣ ሸማኔ እንደምንል ሁሉ፣ ሳናፍር ገበሬ እንበል። ስለ መሬት መብት ስንጽፍ ባለይዞታ እንበል፤ ይህ ስም እርፍ የማይጨብጡትን ባልቴትም ከመብታቸው አያስወጣቸውም። በማሳው ላይ ስላለው ሥራ ስንጽፍ አራሽ፣ የሰው መሬት በድርሻ ለሚያርሰው የእኩል አራሽ ወይም የሲሶ አራሽ፣ በገንዘብ ለሚይዘው ተከራይ እንበል። በራሱ እርሻ የሚኖረውን አርሶ አደር እንበል። ያለፈውን ዘመን ስንተርክ ገባሩን ገባር፣ ጭሰኛውን ጭሰኛ እንበል። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰውም «ፋርመር» የሚለውን ቃል ባገኘ ቍጥር ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት «ይህ ሰው በማን መሬት ላይ ነው የቆመው?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱን ከጽሑፉ ካገኘ ትክክለኛው የአማርኛ ቃል ራሱ ይመጣለታል።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የገበሬውን ስም ግን በየዘመኑ ያወጣው መልአክ ሳይሆን ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊ ያወጣውንም ጸሐፊ ለማቃናት ይችላል። ሥራው ትልቅ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በቀበሌ የእርሻ መዝገብ ላይ «አርሶ አደር» ተብሎ በተሠመረው አንድ ዓምድ ፈንታ ሁለት ዓምድ ይሠመር፤ በአንዱ «ባለይዞታው»፣ በሌላው «አራሹ» ይጻፍበት። በሁለቱም ዓምድ አንድ ስም የሚገኝበት መስመር ብዙ ከሆነ ደስ ይበለን። በሁለቱ ዓምድ ሁለት ስም የሚገኝበት መስመር በየዓመቱ እየበዛ ከሄደ ደግሞ፣ ከእተያ እስከ በቆጂ ባለው አገር ምን እየሆነ እንደ ሆነ ሹማምንቱ ነገሩ ሳያመልጣቸው ያውቁታል።